ማሰሪያ አንቀጽ

ከቦዬ ኩሬ ዳር፣ የሸክላው ጉድጓድ ጫፍ፣
ጉማሬ ከሚወጣበት ከጨፌው አፋፍ፣
አንድ ድንጋይ ቆሟል፤ ቁመቱ እስከ ደረቴ፤
እኔ ነኝ የጠረብኩት፣ ሳትሞትብኝ ሚስቴ።

ሙያዬ መቃብር ነው፤ ለአንዱ መስቀል፣ ለአንዱ ጨረቃ፣
ስምና ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ በቃ።
አንድ ቀን መምህር ሙዘይን ከመምህራን ማሠልጠኛ
መጣ ወረቀት ይዞ፣ ከአንድ ፈረንጅ ጋራ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ።

«ገጣሚ ነው» አለኝ፣ «በአገራቸው ትልቅ፣
ጨው ውሃ ዳር ኖሮ የሞተ፣ ከሩቅ፤
ጅማን አላያትም። ግን እኚህ ሰውዬ
የልጅነት ሐይቃቸውን አገኙት በቦዬ፤
ያው ጉም ነው፣ ያው ደንገል፣ ያው ዳክዬ እያሉ
ማዘጋጃ ቤቱን ሲለምኑ ዋሉ።»
ማዘጋጃ ቤቱም ፈቀደ፤ ምን ከፋው?
ከሣር በቀር ምንም አልነበረም ስፍራው።

አንዲት ስንኝ ነበረች፣ በአማርኛ የተመለሰች፣
የሙዘይንን ኩራዝ ሦስት ሌሊት የጨረሰች።
ፊደሏን ስወቅር ልቤ ሌላ ቤት ነበረ፣
የሚስቴ ሳል ነበረ ጆሮዬ ላይ የቀረ፤
አገማመቴ ሳተ፤ ድንጋዩ አለቀ፣
የመጨረሻዋ ቃል ከውጭ ወደቀ።

«በዚህ ውሃ ዳር ልቤን»

ይላል። ከዚያ ጠርዝ ነው። ከዚያ አየር፣ ከዚያ ሣር።

«በዚህ ውሃ» ያለው የራሱን ነበረ፤
ድንጋዩ ቦዬ ቆመ፣ «ይህ»ም ቦዬ ቀረ።
የነሱ አፍ፣ አለ ሙዘይን፣ ግሡን ያስቀድማል፣
ጭራው ቢቆረጥም ነገሩ ይገባል፤
የኛ ግን እስከ ጫፍ ሆዱን አያሳይም፣
ማሰሪያው ሳይመጣ ማፍቀሩም መጥላቱም አይለይም።

ፈረንጁ ፊደል አያውቅ፤ በመዳፉ ዳሰሰ፣
ከፈለኝ፤ ጨበጠኝ፤ ትንሽም አለቀሰ።
መንገደኛ መቃብር መስሎት ፋቲሃ ይቀራል፤
ሥሩ ባዶ ሸክላ ነው፤ ዱዓ ግን መቼ ይከስራል?

ከዚያ ወዲህ ያለፈ ሁሉ ይቋጭልኛል።

ጡብ የሚመታው ዘይኑ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ፣
«ልቤን አቦካሁት» ይላል፣ ሲስቅ ከነሚስቱ።
ሣር አጫጇ ሲቲና ማጭዷን አሳርፋ
«ተነጠቅሁት» ትልና ትሄዳለች ሸክሟን ደግፋ።
ከፈረንጅ አራዳ ሰክሮ የመጣ አንድ ደላላ
«በወለድ አስያዝኩት» አለ፣ «አራጣው እኔን በላ።»
የአሥረኛ ክፍል ልጆች በጠመኔ ይጽፉታል፤
«አገኘሁት»፣ «ሰጠሁሽ»፤ ዝናብ ያጠፋዋል።
እኔን «አንተስ?» ያለኝ የለም፤ ቢሉኝም አልመልስ፤
ያን ዓመት ያጣሁትን በመሮ አልጨርስ።

ዘንድሮ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ፣
«ጉድለቱ ይሟላ» የሚል፤ ሣቅም ፍርሃትም ያዘኝ።
ወረቀቱ በሣጥን አለ፣ ከሚስቴ ሻሽ በታች፤
ቃሏም አለች፣ ሙዘይን በቀይ ያሰመረባት፤ ትንሽ ናት፣ አልረዘመች።

መሮ ይዤ ወረድኩ በማለዳው ጉም፤
ድንጋዩ እንደ ትናንቱ ቀጥ ብሎ አልቆመም።
ጉማሬው ሌሊት ወጥቶ ጎኑን ሲያክክበት
አዘንብሏል በቀኝ፣ ወደ ውሃው፣ ሦስት ጣት።
ፊደል ከግራ ይነሣል፤ ስንኙ ቁልቁል ወርዶ፣
ከጠርዙ አልፎ ይሄዳል፣ ደንገሉን ለሁለት ቀዶ፤
አሁን ከ«ልቤን» ቀጥሎ የሚነበበው
ሣር አይደለም፣ አየር አይደለም፤ ውሃው ነው።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንዲት ዳክዬ ጠለቀች።
የዘይኑ መምቻ ጧ፣ ጧ አለች።
መሮዬን በጨፌው ሣር ጠርጌ ከተትኩት፤
በደብዳቤው ጀርባ ላይ መልሴን ጻፍኩት፦

«ታርሟል።»